ስለ ፖላንድ ሰዎች የገና ጣፋጭ

ልጆች ሆይ፥ ማር ለሰው ሁሉ ይጣፍጣል። ነገር ግን ተደብቆ ለብቻው የሚልስና ከወንድሙ ጋራ ተካፍሎ የሚበላ ጣዕሙን እኩል አያገኙትም። ይህንንም የፖላንድ ሰዎች የገናን ዋዜማ ከሚያከብሩበት ሥርዓት እንማራለን።

ፖላንድ በኤውሮጳ መካከል ያለች አገር ናት። የሕዝቧም ብዙው ክፍል ካቶሊካዊ ነው። የገናን ዋዜማ ቪጊሊያ ይሉታል፤ እርሱም በኤውሮጳ አቆጣጠር ዲሴምበር 24 ቀን ነው።

ለዚህ ማታ እናት አስቀድማ ትደክማለች። ፒዬርኒክ የሚባለውን የማር ዳቦ በቀረፋ፥ በቅርንፉድና በዝንጅብል ታቦካለች። በጥንቱ ልማድ ሊጡ ብዙ ሳምንት በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል፤ በቆየም መጠን ጣዕሙ ይበልጣል። በዚህ ዳቦ የቶሩን ከተማ ከብዙ መቶ ዓመት ዠምራ ስመ ጥር ናት። ማኮቪየትስ ደግሞ እንደ ጤፍ የደቀቀ ጠቆር ያለ ዘር ተፈጭቶ፥ በማር ተለውሶ፥ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር ነው። በምሥራቅ በኩል የመጡት ቤተ ሰቦች ኩትያን ይሠራሉ፤ ይህም እንደ ንፍሮ የተቀቀለ ስንዴ ከማር፥ ከዚያው ደቃቅ ዘርና ከዘቢብ ጋራ የተደባለቀ ነው።

ቤቱ በመዓዛ ሲሞላ ልጆቹ ይጐመዣሉ፤ ነገር ግን እጃቸውን አይዘረጉም። በመስኮት ቆመው ሰማዩን ይመለከታሉ። የቤተ ልሔምን ኮከብ በማሰብ፥ የመጀመሪያው ኮከብ ሲወጣ ወደ ማዕድ ይቀርባሉ።

ያን ጊዜም ወዲያው አይበሉም። ኦፕዋቴክ የሚባለውን ነጭ ስስ ቂጣ እያንዳንዱ ይይዛል፤ አንዱም ከሌላው ቂጣ እየቈረሰ መልካም ምኞቱን ይነግረዋል። የተጣሉም ቢኖሩ በዚህ ሰዓት ይቅር ይባባላሉ። በልማዱ በዚያ ማታ ሥጋ አይበላም፤ በብዙ ቤትም በ12ቱ ሐዋርያት ቍጥር 12 ዓይነት ምግብ ይቀርባል። ጣፋጩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

በማዕዱም ዘንድ አንድ ሳሕን ባዶውን ይቀመጣል። ይህ ድንገት ለሚመጣ እንግዳ የተጠበቀ ስፍራ ነው፤ የራቁትንም ያሳስባል። ሩስያ፥ ፕሩስያና አውስትርያ ፖላንድን ተካፍለው፥ በኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1795 እስከ 1918 ዓ.ም. ድረስ መንግሥቷ ጠፍቶ ነበር። ሕዝቡም በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. ለነጻነቱ ተነሥቶ ድል በሆነ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። ልጇ የተጋዘባት እናት ያን ባዶ ሳሕን ስታይ ልቧ እንዴት ያዝን ነበር! ቢሆንም ማዕዱን መዘርጋት አልተወችም፤ ልጆቿንም ማስተማር አልተወችም። ስለዚህ የአገሪቱ ስም ከካርታ ሲፋቅ፥ የሕዝቡ ሥርዓት በእናቶች ምድጃ አጠገብ ተጠብቆ ቈየ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ትዕግሥት ሊጡን እንደሚያጣፍጠው የሰውንም ጠባይ ያጣፍጣል። ወደ ማዕድ ስትቀርቡ ከወንድማችሁ ጋራ ታረቁ፤ ለመጣው እንግዳም ስፍራ ልቀቁለት። ቂም ይዘው የበሉት ማር ከአፍ ሳይወርድ ይመርራልና።

ጥያቄ።
1. ልጆቹ ከመብላታቸው በፊት ምን ይጠብቃሉ?
2. ባዶው ሳሕን ለማን ይቀመጣል?
3. አንተስ ዛሬ ከማን ጋራ ልትታረቅ ይገባሃል?