የባልትና ትምህርት በትምህርት ቤት ይኑር

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ነገር ቆጥረን የምናልፈውን ጉዳይ ነው። ይኸውም የባልትና ትምህርት ነው። ባልትና ሲባል ወጥ መሥራት ብቻ የሚመስለን ጥቂቶች አይደለንም። ነገር ግን ባልትና ምግብን መምረጥና ማዘጋጀት፣ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ሕፃናትን ማሳደግ፣ ልብስ መስፋትና መጠገን፣ የቤትንም ገንዘብ በአግባቡ ማስተዳደር ነው። በአጭሩ ቤትን የሚያቆም ዕውቀት ነው።

ባልትና እንዴት ትምህርት ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1931 በአዲስ አበባ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች ከቀለም ትምህርት ጋር የቤት አያያዝና የእጅ ሥራ ያስተምር ነበር። ከዚያም በኋላ ባልትና ከእርሻና ከእጅ ሥራ ጋር በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ የትምህርት ዓይነት ሆነ። በደርግ ዘመን የተማሩ ወላጆቻችን ያስታውሱታል። ለእኛ አካባቢ ቅርብ በሆነው በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅም፣ በዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሙያው በከፍተኛ ደረጃ ይሰጥ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሥራ ላይ ሲውል ግን ባልትና በአንደኛ ደረጃ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት መሆኑ ቀረ። በቅርብ ዓመታት በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የሙያና የቴክኒክ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል እንደገና ገብቷል። ስለዚህ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በሩ ተከፍቷል፤ ባልትና በዚያ በር ገብቶ ተገቢውን ቦታ ያገኛል ወይስ አያገኝም? ጥያቄው ይህ ነው።

«ሙያ ከጎረቤት» ይበቃልን?

አንዳንድ ሰዎች «ባልትና ከእናትና ከጎረቤት ይለመዳል፤ ለዚህ ትምህርት ቤት ምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። አባባሉ እውነት አለው። እኛ በቱሊ ጉሌድና በጅግጅጋ አካባቢ የምንኖር ወጣቶች የእናቶችን ዕውቀት በዓይናችን እናያለን። የሶማሌ አርብቶ አደር እናቶች የወተቱን ዕቃ እንደ ወይራ ባለ እንጨት ያጥኑታል። ጭሱ ተህዋስያንን ስለሚቀንስ ወተቱ ቶሎ አይበላሽም። ሥጋውን በትንንሹ ከትፈው፣ ውኃው እስኪደርቅ ጠብሰው፣ በቅቤ ውስጥ ያስቀምጡታል። ኦድካዕ የሚባለው ይህ ነው፤ እርጥበትና አየር ስለማያገኘው ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ይህ ሁሉ ያለ መጽሐፍ የተገኘ ታላቅ ሳይንስ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት የተሠራው ግመልና ፍየል ላለው ቤት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲያጥር በሶማሌ ክልል እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ወደ ከተማ ዳር ተጠጋ። ያ ቤተ ሰብ ትናንት ከራሱ ግመል ወተት ይጠጣ ነበር። የግመል ወተት ገንቢ ምግብ ከመሆኑም በላይ ቫይታሚን ሲ አለበት። ዛሬ ግን ያው ቤተ ሰብ ሩዝና ፓስታ በገንዘብ ገዝቶ ይበላል። እናት የወተት ዕቃ እንዴት እንደሚታጠን ለልጇ ማስተማር ትችላለች፤ ፓስታው የጎደለውን በምን እንደምትሞላው ግን እርስዋም ከእናትዋ አልሰማችም። ጎረቤትም እንደ እርስዋ አዲስ ነው። እንግዲህ ኑሮ ሲለወጥ «ሙያ ከጎረቤት» ብቻውን አይበቃም። ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገራችን ሕፃናት 38 ከመቶ የሚሆኑት ዕድገታቸው የቀጨጨ ነበር። ለቁመታቸው ክብደታቸው አንሶ የከሱት ሕፃናት በአገር ደረጃ 10 ከመቶ ሲሆኑ፣ በሶማሌ ክልል ግን 23 ከመቶ ነበሩ። ድርቅና ድህነት ዋና ምክንያቶች ናቸው፤ ባልትና ዝናብ አያዘንምም። ነገር ግን በእጅ ያለችውን ጥቂት ነገር በደንብ ለመጠቀም ያስችላል።

በክፍል ውስጥ ምን እንማራለን?

አንደኛ፦ ምግብን ማመጣጠን። ሩዝ ወይም ማሽላ ብቻውን ኃይል ይሰጣል እንጂ ሰውነትን በሚገባ አይገነባም። ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል ወይም ወተት፣ ጥቂትም ቅጠላ ቅጠል ሲጨመርበት የተሟላ ይሆናል። ሻይ ከምግብ ጋር ወዲያው ሲጠጣ ደም ለመሥራት የሚያገለግለው አይረን የተባለው ማዕድን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፦ ጨውን በአግባቡ መያዝ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል፤ አዮዲን እንቅርትን ይከላከላል፣ ለሕፃናትም የአእምሮ ዕድገት ያስፈልጋል። ነገር ግን ጨው ክፍት ሆኖ ፀሐይና እርጥበት ሲያገኘው፣ ወይም ከወጡ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል። በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ነው። መንግሥት ያወጣው ደንብ ፍሬ የሚያፈራው በማዕድ ቤት ነው።

ሦስተኛ፦ ሕፃን ሲያስቀምጠው መርዳት። የተዘጋጀው ንጥረ ነገር ከጤና ኬላ እስኪገኝ ድረስ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል በልኩ ተሰፍሮ፣ በደንብ አማስሎ ጥቂት በጥቂት መስጠት ነው። ጨው ከመጠን ቢያልፍ ስለሚጎዳ ልኩን በእጅ መለማመድ ያስፈልጋል። ለዚህም ነው የባልትና ክፍል ማንኪያና መለኪያ የሚያሻው።

አራተኛ፦ ገንዘብን ማስላት። አንድ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምር በወር 270 ማንኪያ ይሆናል። አንድ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ቢመዝን ከ1 ኪሎ በላይ ነው፤ ስድስት ሰው ባለበት ቤት ከ6 ኪሎ ያልፋል። የዚህን እኩሌታ ቀንሰን ምስር ብንገዛስ? የማባዛት ትምህርት እንዲህ ሲሆን ለቤት ይደርሳል።

ለወንዶችስ?

ባልትና የሴት ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቤቱ ርቆ ቤት የሚከራይ ወንድ ልጅ ራሱን መመገብ አለበት፤ ነገም አባት ይሆናል። በጃፓን የቤት አያያዝ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ለረጅም ጊዜ በተለይ የሴቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ በ1994ም በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ለወንዱም ለሴቷም ግዴታ ሆነ። ትምህርቱ የሴቶች ብቻ ሲሆን ሸክሙም የእነርሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሁሉም ሲማረው ግን ቤት ሁለት እጅ ያገኛል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ምድጃና የስፌት መኪና እስኪገዛ መጠበቅ የለብንም። አንድ ከሰል ምድጃ፣ ድስት፣ ማንኪያ፣ መርፌና ክር ለመጀመር ይበቃሉ። በአካባቢው ያሉ ባለሙያ እናቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እየተጋበዙ ቢያስተምሩ ደግሞ የጥንቱ ዕውቀትና የአሁኑ ይገናኛሉ። የወተት ዕቃ የምታጥን እናት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ስትቆም ልጆቿም ሙያዋን ያከብራሉ።

እንግዲህ ውድ ወጣቶች፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ትዳር ከያዝን፣ ልጅ ከወለድን በኋላ ሳይሆን ዛሬ እንማር። ትምህርቱ በየትምህርት ቤታችን እንዲጠናከር ለወላጆችና ለመምህራን እናሳስብ። የተማርነውንም በቤታችን ከዛሬ ጀምረን እንሥራበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችን በአንድ ሳምንት የተበላውን ብንጽፍ የትኛው የምግብ ዓይነት ይጎድላል?
2. ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን ሙያ ሳይጻፍ ሊጠፋ የተቃረበው የትኛው ነው?
3. ወንዶች ልጆች በቤት ሥራ እንዳይሳተፉ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? በምንስ ይስተካከላል?