በባሮ ዳር ስንት እርምጃ ይበቃል?

የደጋው ክረምት ባሮን ይሞላዋል። ነሐሴና መስከረም ላይ ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ የጋምቤላን ሜዳ ይሸፍናል፤ ዓሣውም አብሮት ይወጣል። አምባዛ በውሃ በተዋጠው ሣር መሃል እንቁላሉን ይጥላል፣ ጫጩቶቹም እዚያው ያድጋሉ። ከጥቅምት በኋላ ውሃው ሲጎድል ያ ሁሉ ዓሣ የሚመለስባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ የቦዮች አፍ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ጥልቅ ቦታ፣ ከወንዙ ተቆርጠው የቀሩ ኩሬዎች። ዓሣ በተሰበሰበበት ደግሞ ሰው ይሰበሰባል። ስለዚህ በአጥማጆች መካከል ሊኖር ስለሚገባው ርቀት ማሰብ የሚያስፈልገው በበጋ ነው።

በጋምቤላው ኢታንግ አካባቢ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። አኙዋክና ኑዌር በዚህ ወንዝ ከረጅም ጊዜ ጀምረው ዓሣ ያጠምዳሉ። በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ድንበር ተሻግረው ሲመጡ መጀመሪያ ቴርኪዲ፣ በግንቦት ወር ደግሞ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ጊዜ ጎረቤት ሆነ። ከመጡት ብዙዎቹ ኑዌሮች ናቸው፤ ማጥመድን የሚማሩት ከማንም አይደለም። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ኑዌሮች በበጋ ውሃውን እየገደቡ ዓሣን በጦር እንደሚወጉ፣ ወተትና እህል ሲያጥርም ዓሣ ከችግር እንደሚያሻግራቸው ጽፏል። እዚህ ወንዝ ዳር የሚቆም ሰው በአብዛኛው የሚያጠምደው ለእራቱ ወይም ለገበያ ነው። ቦታውን የተጋፋ ሰው የሚጋፋው መዝናኛውን ሳይሆን ምግቡን ነው ማለት ነው።

ታዲያ ቀድሞ ከተቀመጠ አጥማጅ ምን ያህል መራቅ ይገባል? በሜትር አንድ ቁጥር መስጠት ቀላል ነበር፤ ግን ለመንጠቆ የሚበቃው ርቀት ለመረብ አይበቃም፣ በኩሬ የሚበቃውም በወራጅ ውሃ አያዋጣም። ርቀት የሚለካው ከሰውየው አካል ሳይሆን መሣሪያው ከሚሠራበት ውሃ ጠርዝ ነው። መጀመሪያ ማየት ያለብን ቀድሞን የመጣው ሰው የትኛውን ውሃ እየተጠቀመበት እንደሆነ ነው።

መንጠቆ ጥሎ ክሩን ከውሃው ጋር የሚለቅ ሰው እናስብ። ውሃው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድ፣ መንጠቆው በአንድ ደቂቃ 30 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ሰውየው የተቀመጠው አንድ ድንጋይ ላይ ቢሆንም የያዘው ቦታ ያ 30 ሜትር በሙሉ ነው። ከእሱ በታች አሥር እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ሰው በየዙሩ ክሩን ያጠላልፍበታል። መንጠቆውን በእርሳስ ወይም በድንጋይ አክብዶ ታች የሚያሳርፍ ሰው ግን የሚይዘው የወረወረበትን ያህል ብቻ ነው፤ ከእሱ ጋር በጣም ተቀራርቦ መሥራት ይቻላል። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣ ሰው ቁጭ ከማለቱ በፊት አንድ ዙር ቆሞ ቢመለከት ይሻለዋል። ሰውየው ክሩን ጥሎ እስኪስብ ያለው ጊዜ ከየት እስከ የት እንደሚሠራ በግልጽ ያሳያል።

ከላይ በኩል መቀመጥም የራሱ ጣጣ አለው። ከላይ የቆመ ሰው የረገጠው ጭቃ፣ የጣለው ቅጠልና የለቀቀው ክር ሁሉ ወደ ታችኛው ይወርዳል። በእኔ አስተያየት የዘገየ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቦታ ከቀደመው ሰው ክር ማለቂያ በታች መሆን አለበት። እዚያ ቦታ ከሌለ ብቻ ሽቅብ ይሂድ፤ ያነሣው ድፍርስ ወደ ታችኛው ሳይደርስ የሚጠራበትን ያህል ይራቅ፣ ውሃው ውስጥም አይግባ።

መረብ ሌላ ነገር ነው። የተተከለ መረብ ዓሣን አያሳድድም፤ በመንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት የሌላው ሰው መረብ ያለበት ቦታ ሳይነካ፣ ዓሣው ወደዚያ የሚሄድበትን መንገድ ብቻ በመዝጋት ሰውን መጉዳት ይቻላል። ከቦይ በሚወጣው ዓሣ ላይ ተስፋ ጥሎ ከአፉ በታች የተከለ ሰው፣ ሌላው መጥቶ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር በመረብ ቢዘጋበት፣ ክሩ አልተነካም፣ መረቡ አልተቀደደም፤ ግን ባዶ እጁን ይገባል። ከሁሉም ዓይነት መጋፋት የሚከፋው ይህ ይመስለኛል፣ ዓይን ስለማያየው። የቦይን ወርድ በሙሉ መዝጋት ከታች ላሉት ሁሉ የሚመጣውን ዓሣ ለብቻ መውሰድ ነው፤ ለመራባት የሚተርፈውንም ያመናምናል።

መንጠቆ የያዘም በበኩሉ ከመረብ ተንሳፋፊ ምልክቶች ይራቅ። መንጠቆ የያዘው መረብ ሲሳብ ይቀደዳል፣ መረብም ውድ ነው። ጦር ለሚወረውር ደግሞ ከፊቱና ከጎኑ ያለው ውሃ ሁሉ ክፍት መሆን አለበት፤ እዚህ ጋ ነገሩ ከጨዋነት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ርቀት ለዓሣውም ያስፈልጋል። ድምፅ በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ ዓሣም በጎኑ በተዘረጋው የስሜት መስመር ትንሿን ንቅናቄ ያውቃል። በደለል በደፈረሰው የክረምት ባሮ ዓሣው ሰውን ላያይ ይችላል፣ የእግር ኮቴን ግን ያውቀዋል። በበጋ ውሃው ሲጠራ ደግሞ ከፍ ባለ ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው ጥላ ጥልቀት የሌለውን ውሃ የሚወድ ቀረሶን ይበትናል። ስለዚህ በሰው ጀርባ ሲያልፉ ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ መራመድ፤ በታንኳ ሲያልፉም ክሩ በተጣለበት በኩል ሳይሆን በሌላው ወገን፣ መቅዘፊያውን ሳያንቦጫርቁ ማለፍ ይገባል።

ይህን ሁሉ በዓይን መገመት ባይቻል መጠየቅ አለ። ከርቀት ሰላም ብሎ፣ የሚቀመጡበትን ቦታ በእጅ አሳይቶ፣ መልስ ጠብቆ መቀመጥ። በኩሌና በኢታንግ አካባቢ ሁለት ጎረቤት አጥማጆች የጋራ ቋንቋ ላይኖራቸው ይችላል፤ የተዘረጋ እጅና የተነቀነቀ ራስ ግን ለሁሉም ይገባል። በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ቀረብ ብሎ ጎንበስ ማለት፣ ልጅ ቀድሞ በያዘው ቦታ ላይም ልጅነቱን ተገን አድርጎ አለመግፋት። ልጁም ቀድሞ መጥቷል።

ጎረቤት ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ደግሞ ርቀቱ ወዲያው ይለወጣል። ናይል ፐርች ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል ዓሣ ነው፤ የተያዘው ትልቅ ከሆነ ክሩን ይዞ ሽቅብም ቁልቁልም ይሮጣል። ያኔ በግራና በቀኝ ያሉት ክራቸውን ስበው ማውጣት አለባቸው። ዓሣው ወጥቶ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በግርግሩ መሃል የሰውየውን ቦታ መያዝ ነውር ነው።

በባሮ አዞ መኖሩም መዘንጋት የለበትም። ዓሣን ሰዎች በሚያጠምዱበት ቦታ አርዶ ሆድ ዕቃውን እዚያው መጣል አዞን ወደ ጎረቤት መጥራት ነው። ሴቶች ውሃ ከሚቀዱበት፣ ልጆች ከሚታጠቡበት፣ ከብት ከሚጠጣበት መውረጃም መራቅ ያስፈልጋል፤ በእነዚህ ቦታዎች አጥማጅ መቼም ቢሆን ቀድሞ የመጣ አይባልም።

ዓሣ በሚተላለፍበት ጠባብ ቦታ ላይ መጨናነቅ ምን እንደሚያስከትል ጣና አሳይቶናል። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። የጣና ነጭ ዓሣዎች ለመራባት እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ መረቡም እዚያው ተሰበሰበ፤ በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። መተላለፊያው ላይ ሁሉም ሲቀራረብ የሚጎዳው ጎረቤት ብቻ አልነበረም።

መፍትሔውን የቱርክ የአላንያ አጥማጆች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠርተውበታል። ኤሊኖር ኦስትሮም፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ እነሱ ጽፋለች። አጥማጆቹ ማጥመጃ ቦታዎቹን አንዱ መረብ የሌላውን ዓሣ እንዳይዘጋ አራርቀው በስም መዘገቡ። በመስከረም ዕጣ ያወጡ ነበር፤ ከዚያም በየቀኑ እያንዳንዱ ወደ ቀጣዩ ቦታ ወደ ምሥራቅ ይሸጋገር ነበር፣ ከጥር በኋላ ወደ ምዕራብ። ጥሩውም ደካማውም ቦታ ለሁሉም ይደርስ ነበር፤ የራሱን ተራ የሚጠብቅ ሁሉ የሌላውንም ተራ ያስከብር ስለነበር ፖሊስ ብዙም አላስፈለጋቸውም።

ባሮ ባሕር አይደለም፣ ጎርፉ በየዓመቱ ቦዩን ስለሚቀይረው ዝርዝሩም በየዓመቱ መታደስ ይኖርበታል። ግን ውሃው ሊጎድል ሲል፣ በጥቅምት፣ ሰው ሳይሰበሰብ በፊት ተገናኝቶ የትኛው ቦይ አፍ ክፍት እንደሚቀር፣ መረብ ማታ ገብቶ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚወጣና ቀኑ ለመንጠቆ እንደሚለቀቅ መነጋገር ይቻላል። አንድ ቦታ ለሁለት ሰው ካልበቃ በሰዓት ይከፈላል። በዚያ ስብሰባ ላይ ባለ መረቡ፣ ባለ መንጠቆውና ባለ ጦሩ ይቀመጡ፤ ከኢታንግ ቀበሌዎች ሽማግሌዎች ጋር ከኩሌና ከቴርኪዲ የሚመጡ አጥማጆችም መጠራት አለባቸው፣ ያልተጠራ ሰው ተራውን ሊያውቅ አይችልምና።