የአየር በቅሎ

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፥ እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። ውድ አንባብያን፥ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የማቀርበው ትምህርታዊ ጽሑፍ ስለ አንድ ዓይነት የጦር አይሮፕላን ነው። በቅሎይቱን ለምን እንዳነሣኋት ወደ መጨረሻው ይገለጣል።

ከሸዋ በር ተነሥቶ በአይሮፕላን ለመጓዝ የሚሻ ሰው አስቀድሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወደ ድሬዳዋ መውረድ አለበት። የአየር ኀይላችን ዋና ሰፈር «ሐረር ሜዳ» ተብሎ በከተማችን ስም ቢጠራም፥ የሚገኘው ቢሾፍቱ ነው እንጂ እኛ ዘንድ አይደለም። አይሮፕላን ለጥ ያለ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ተራራና ገደል የበዛበት አገር ግን ይህን በየሥፍራው አያገኝም።

የዚህ ችግር ክብደት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ታይቷል። የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጭነት አይሮፕላኖች እህል ይዘው መጡ። ሆኖም የተራበው ወገናችን በነበረበት ደጋ ብዙ ቦታ ማረፊያ ስላልነበረ፥ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህሉን በጆንያ ይጥሉት ነበር። ከፖላንድ የመጡ ሔሊኮፕተሮችም እህሉ የሚጣልበትን ሥፍራ ቀድመው እየመረጡ ምልክት ያደርጉላቸው ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አይሮፕላኑ ብዙ ይሸከማል፥ ይፈጥናልም፥ ነገር ግን ማረፍ አልቻለም። ሔሊኮፕተሩ ያርፋል፥ ነገር ግን ያን ያህል አይሸከምም፥ አይፈጥንምም። የሁለቱን ጠባይ በአንድ አካል ማዋሐድ አይቻልምን?

፩ኛ፤ ሔሊኮፕተር ለምን አይፈጥንም?

ሔሊኮፕተርን የሚያነሣው ከራሱ በላይ የሚሽከረከረው ክንፍ ነው። ወደፊት ሲበር በአንድ ወገን ያለው ክንፍ ወደ ነፋሱ ስለሚሄድ ብርቱ ነፋስ ያገኛል፤ በሌላው ወገን ያለው ግን ከነፋሱ ጋር ወደ ኋላ ስለሚሄድ የሚያገኘው ነፋስ ያንሳል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ይህ ልዩነት እየሰፋ ሄዶ፥ ወደ ኋላ የሚሄደው ክንፍ ማንሣት ያቅተዋል። ስለዚህ ተራ ሔሊኮፕተር ከ300 ኪሎ ሜትር በሰዓት እምብዛም አያልፍም።

፪ኛ፤ የአዲሱ አይሮፕላን አሠራር

መሐንዲሶች ያገኙት መፍትሔ ይህ ነው። በአይሮፕላኑ ክንፍ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት ትልልቅ ፕሮፔለሮች ይተከላሉ። ሲነሣ ፕሮፔለሮቹ ወደ ሰማይ ያያሉ፤ እንደ ሔሊኮፕተርም ቀጥ ብሎ ይነሣል። ከፍ ካለ በኋላ ቀስ በቀስ ወደፊት ያዘነብላሉ፤ ያን ጊዜ አይሮፕላኑን የሚሸከመው ክንፉ ይሆንና ፕሮፔለሮቹ የመጎተት ሥራ ብቻ ይቀራቸዋል።

በጦር አገልግሎት ላይ በመዋል የመጀመሪያው ቪ-22 ወይም «ኦስፕሬይ» የተባለው የአሜሪካ አይሮፕላን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በ2007 ለባሕር ወለድ ጦር አገልግሎት ጀመረ። ሁለቱ ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው ከ6000 የፈረስ ጉልበት በላይ አላቸው። በክንፉ ውስጥ የሚያልፍ ዘንግ ስለሚያገናኛቸው፥ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው ሁለቱንም ፕሮፔለሮች ያሽከረክራል።

፫ኛ፤ ችሎታው

ኦስፕሬይ 24 ወታደሮች ይዞ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። ከጂቡቲ እስከ ሐረር በአየር 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚበር ሔሊኮፕተር ይህን መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈጅበት፥ ኦስፕሬይ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል።

ይህም በጎረቤታችን አገር በሥራ ተፈትኗል። በ2013 በታኅሣሥ ወር በደቡብ ሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ሦስት ኦስፕሬዮች ዜጎቻቸውን ለማውጣት ከጂቡቲ ተነሥተው ከ1400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ወደ ቦር ከተማ በረሩ። ሊያርፉ ሲቃረቡ ከምድር ተተኩሶባቸው አራት ወታደሮች ቆሰሉ፤ አይሮፕላኖቹም ተበሳሱ። ሆኖም ሦስቱም ሳይወድቁ እስከ ኡጋንዳ፥ ኢንቴቤ ድረስ በረው ቁስለኞቹን አደረሱ።

፬ኛ፤ ያልተነገረው አባት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ፈረሲቱ እናት ነው። አሁን ስለ አህያው አባት እንናገር።

ፕሮፔለሮቹ ከአይሮፕላን ፕሮፔለር የበለጡ ከሔሊኮፕተር ክንፍ ግን ያነሱ ስለሆኑ፥ ያን ሁሉ ክብደት ለማንሣት አየሩን በብርቱ ኀይል ወደ ታች መግፋት አለባቸው። በሚያርፍበት ቦታ አቧራውን ያስነሣል፤ በአጠገቡ ያለ የቆርቆሮ ጣራም አያርፍለትም። ደግሞም በሐረር ከፍታ፥ ማለትም በ1900 ሜትር ገደማ፥ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ለመነሣት ጭነት መቀነስ ግድ ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። በ2000 በአሪዞና አንድ ኦስፕሬይ ወደፊት ሳይገፋ ፈጥኖ ሲወርድ፥ ፕሮፔለሩ ራሱ ባናወጠው አየር ውስጥ ገብቶ ማንሣት አቃተው፤ አይሮፕላኑም ተገልብጦ 19 ወታደሮች ሞቱ። በ2023 ደግሞ በጃፓን አጠገብ፥ የሞተሩን ኀይል ወደ ፕሮፔለሩ በሚያስተላልፈው ካምቢዮ ውስጥ አንድ ጥርሳም መዘውር ተሰብሮ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ኦስፕሬዮች በሙሉ ለሦስት ወር ያህል ከበረራ ታግደው ነበር። ሁለት ጠባይ ያለው መኪና ብዙ ተንቀሳቃሽ ክፍል አለው፤ ብዙ ክፍል ያለውም ብዙ መጠበቅን ይፈልጋል።

ታዲያ ይህ አይሮፕላን በዚያ ድርቅ ጊዜ ኖሮ ቢሆን ይጠቅመን ነበርን? በእኔ አስተያየት በከፊል ይጠቅም ነበር። እህሉን ከመጣል ይልቅ አርፎ ያስረክብ፥ ሲመለስም ሕመምተኛ ይዞ ይሄድ ነበር። ነገር ግን በደጋው ሳስቶ በሚገኝ አየር ጭነቱ ያንስ ነበር፤ የትልቁን የጭነት አይሮፕላን ቦታ ፈጽሞ ሊወስድ አይችልም ነበር።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፥ በቅሎ ለገደላማ አገራችን ስንት ዘመን አገልግላናለች፤ ያገለገለችንም በእናቷ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በአባቷም ትዕግሥት ነው። አዲስ መሣሪያ ባየን ቁጥር «እንዴት ይፈጥናል!» ብለን በመደነቅ ብቻ አንቅር። ምን ያህል ይሸከማል? በየትኛው ከፍታ? ቢሰበርስ ማን ይጠግነዋል? ብለን እንጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት በክፍላችን የምንማራቸው ፊዚክስና ሒሳብ ናቸው። ከመካከላችን አንዱ ወይም አንዷ ነገ ለደጋችን የሚስማማ አይሮፕላን ይሠሩ ዘንድ ተስፋዬ ነው።