ስለ እኽል ጐተራ እርጥበት፤ መነሻውን ስለ መመርመርና ስለ ማድረቂያው መንገድ

የገበሬው ድካም የሚፈጸመው እኽሉ ከዐውድማ ተነሥቶ ወደ ጐተራ በገባ ጊዜ አይደለም፤ ለዘርና ለቀለብ በደኅና ወጥቶ ባገለገለ ጊዜ ነው። በዐውድማ ሳለ ምንም ያልነካው እኽል ከጐተራ ገብቶ የሚሻግተውና የሚነቅዘው ብዙ ጊዜ በእርጥበት ምክንያት ነው።

የሻገተ እኽል ጉዳቱ በመልኩና በሽታው ብቻ አይቀርም። ከሻጋታ ዐይነቶች አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል፣ ጉበትን የሚጐዳ መርዝ ያፈራል፤ ይህንንም መርዝ መቀቀልም መጋገርም ፈጽሞ አያጠፋውም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 ዓመት በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች በሻገተ የኦቾሎኒ መኖ ስላለቁ ነገሩ ተመርምሮ መርዙ ሊታወቅ ቻለ። ስለዚህ የጐተራ እርጥበት ለግንበኛ ብቻ የሚተው ሳይሆን ሹሙም ባለ እኽሉም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ነው።

ብዙ ሰው የረጠበ ግንብ ባየ ጊዜ ወዲያው በሲሚንቶ ያስለስነዋል። ነገር ግን ሐኪም በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ውሃው ከወዴት እንደ መጣ ሳይታወቅ የሚወጣ ገንዘብ ከንቱ ነው። የእርጥበትም መነሻ ሦስት ነው።

1ኛ፤ ከጣራ የሚወርድ። ይህ በዝናም ጊዜ ይታያል፤ ዝናሙም ካባራ በኋላ ይደርቃል፤ በግንቡ ራስና በኮርኒሱ ላይ ዳሩ የጠቈረ ነጠብጣብ ይተዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የላላውን ምስማር ማጥበቅ፣ የዛገውን ቆርቆሮ መለወጥ፣ የተደፈነውን አሸንዳ መጥረግ ነው።

2ኛ፤ ከመሬት የሚወጣ። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ፣ ድንጋዩና ጭቃውም የመሬቱን ውሃ ይስባሉ። ምልክቱ እርጥበቱ ከወለሉ ጀምሮ ብዙ ጊዜ እስከ 1 ሜትር ገደማ መውጣቱ፣ በጫፉም ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት መታየቱና ልስኑ መፈርፈሩ ነው። ለዚህ አስቀድሞ በግንቡ ውጭ የተከመረውን አፈር ከወለሉ በታች እስኪሆን ድረስ መዛቅ፣ በዳገቱም በኩል ጐርፉን የሚመልስ ቦይ መቈፈር ይገባል። በጭቃ የተገነባን ግንብ በሲሚንቶ መለሰን ግን ውሃውን በውስጥ ይዘጋበታል፤ ውሃውም መውጫ ሲያጣ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ የውስጡንም ጭቃ ያላሽቀዋል። እንዲህ ያለ ግንብ በጭቃ ወይም በኖራ ቢለሰን ይተነፍሳል። አዲስ ጐተራ የሚያሠራ ሰው ግን ከመሠረቱና ከግንቡ መካከል ሬንጅ የተቀባ ወፍራም ወረቀት ቢያስነጥፍ ከዚህ ሁሉ ድካም ይድናል።

3ኛ፤ ከአየር የሚመጣ ላብ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት 1 ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን የሚይዘው 9 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የተረፈው በቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ በደጋ አገር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ቆርቆሮው ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ በማለዳም ዝናም ሳይዘንም ይንጠባጠባል። ሰውም ጣራው አፈሰሰ ብሎ ምስማር ያስመታል፤ ጥቅም ግን የለውም። ተኑ የሚመጣው በደንብ ሳይደርቅ ከገባ እኽል፣ በዚያ ከሚያድሩ ሰዎችና ከብቶች ትንፋሽ ነው። መድኃኒቱ ከጣራው ሥር ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች አውጥቶ አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ መሸፈን፣ አየሩ በደረቀ ቀን መክፈት፣ በዝናምና በጉም ጊዜ መዝጋት ነው።

ከግንቡ የሚታየው ውሃ ከውስጥ የወጣ ይሁን ከአየር፣ ለመለየት የመስተዋት ቁራጭ በግንቡ ላይ ለጥፎ ዳር ዳሩን በሰም ዘግቶ ሁለት ቀን ማቈየት ነው። ውሃው ወደ ቤቱ በሚያየው ገጽ ቢታይ የአየር ላብ ነው፤ ወደ ግንቡ በሚያየው ገጽ ቢታይ ግን ከግንቡ የወጣ ነው።

እኽሉንም መመርመር ያስፈልጋል። በደረቀ ጠርሙስ ጥቂት እኽልና በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ መነቅነቅ ነው። ጨው በጠርሙሱ ላይ ቢለጠፍ እኽሉ ከመቶ 15 የሚበልጥ ውሃ አለበትና ወደ ፀሐይ ይመለስ። ስንዴና በቆሎ ለብዙ ጊዜ እንዲቀመጡ ከመቶ 13 ባይበልጥ መልካም ነው።

የሥራውም ጊዜ እንዲህ ቢሆን ይበጃል። በነሐሴ የእርጥበቱን ጫፍ በከሰል አስምሮ ቀኑን መጻፍ፤ ከመስከረም በኋላ ቦዩን መቈፈርና የተበላሸውን ልስን መፋቅ፤ በየወሩ እርጥበቱ ከመስመሩ ዝቅ ማለቱን መመልከት፤ ከደረቀ በኋላ፣ ክረምት ሳይገባ መለሰን ነው። ወፍራም ግንብ ለመድረቅ ብዙ ወራት ይፈልጋልና መቸኰል አይገባም። እስከዚያው ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግንቡም ግማሽ ሜትር ርቆ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ከዶማ፣ ከአካፋና ከጥቂት ኖራ በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መርምሮ ማወቅን ነው። የወረዳው ሹም በነሐሴ አንድ ቀን ወስዶ በሥሩ ያሉትን ጐተራዎች ቢጐበኝ፣ ለመጪው ዓመት የሚዘራውን እኽል ከጥፋት ያድናል።