የተነገረውን በስሙ መጥራት

መተማ ዮሐንስ ላይ እንግሊዝኛ ለፈተና ብቻ የሚጠና ቋንቋ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ በገላባት በኩል ድንበር የተሻገረ ሰው በዓረብኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ለመጻፍ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጡ ወጣቶች ይህን ምዕራፍ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

እንግሊዝኛ ሰው ለተናገረው ነገር በርካታ ስሞች አሉት፦ ሪማርክ፣ ኮሜንት፣ ኦብዘርቬሽን፣ ስቴትመንት። እኛ አብዛኞቹን «አስተያየት» ብለን እናልፋቸዋለን። የኛ «አስተያየት» ደግሞ ሰፊ ነው፤ ገበያ ላይ «አስተያየት አድርግልኝ» ያለ ሰው ዋጋ ቀንስልኝ ማለቱ ነው። ከእንግሊዝኛዎቹ አንዱም ይህን አይሸከምም።

አንዲት እናት ከነልጆቿ ደርሳ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «በመንገድ ውሃ አላገኘንም» አለች እንበል። ይህ ሪማርክ ነው። እግረ መንገዱን ጣል የተደረገ፣ ተናጋሪው ብዙም ያልተዘጋጀበት ንግግር ማለት ነው። ቅጾች ላይ በመጨረሻው ዓምድ የምታዩት «ሪማርክስ» የኛ መሥሪያ ቤቶች «ምርመራ» የሚሉት ነው፤ ስሙ ምርመራ ቢሆንም የምርመራ ውጤት አይጻፍበትም፣ አጭር ማስታወሻ ይበቃዋል።

ኮሜንት ግን ባዶ ሜዳ ላይ አይቆምም። የሚቀመጥበት ነገር ይፈልጋል፤ ጥያቄ፣ ዜና፣ ጽሑፍ፣ የሌላ ሰው ሥራ። ለዚህ ነው «ኮሜንት ኦን» የሚባለው። የጎንደር ሊቃውንት ነጠላ ንባቡን ይዘው አንድምታውን እንደሚያስከትሉ ሁሉ፣ ኮሜንትም ከፊቱ ያለውን ተከትሎ ይመጣል። ያቺው እናት «የመጠለያውን አያያዝ እንዴት አየሽው?» ተብላ ስትመልስ ኮሜንት ሰጠች። እዚህ ላይ አንድ ልማዳችን ያሳስታል፤ «አስተያየት አለኝ» ሲባል ነቀፋ እንጠብቃለን። ኮሜንት ምስጋናም ሊሆን ይችላል። ሰውን የሚነካ ንግግር ለማለት ከተፈለገ እንግሊዝኛው «ፐርሰናል ሪማርክ» ይለዋል።

ኦብዘርቬሽን ከዓይን ይጀምራል። የጤና ባለሙያው የሕፃኑን ከንፈር መድረቅ አይቶ ተናገረ፤ ያ ኦብዘርቬሽን ነው። ያላያችሁትን በዚህ ስም አትጻፉ።

ከሁሉም የሚከብደው ስቴትመንት ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ቆም እንበል። የባንክ ስቴትመንት የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ባንኩ ይህ ነው ብሎ የሚቆምበት ወረቀት ነው። ሰውም ስቴትመንት ሲሰጥ እንዲሁ ይቆምበታል። የመንግሥት ከሆነ «መግለጫ»፣ ፖሊስ ጣቢያ ከሆነ «ቃል» እንለዋለን። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 የተጠረጠረ ሰው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ የሚሰጠው ቃል ግን ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንዲነገረው ያዝዛል። የቃሉ ክብደት ከዚህ ይታያል።

ስለዚህ ያች እናት በድካም የተነፈሰችውን «ስቴትመንት» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ነገ ሌላ ቢሮ ሌላ ነገር ስትናገር ቃሏን እንደለወጠች ትቆጠራለች። ተገላቢጦሹም ያው ነው። ተጠይቃ፣ የጻፋችሁት ተነብቦላት፣ አዎ ብላ የፈረመችበትን «ሪማርክ» ብትሉት፣ ቃሏን ከምስክርነት ወደ ወሬ አወረዳችሁት። ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ፤ ጎንበስ ብላ የፈረመችው እናት ደግሞ እንግሊዝኛውን አንብባ ልታርማችሁ አትችል ይሆናል። ለዚህ ነው ሥራውን በቸልታ እንዳትይዙት የምለምናችሁ።

ግሦቹም ይህንኑ ይከተላሉ። «ስቴትድ» በግልጽና በቁርጥ ለተናገረ፣ «ሪማርክድ» ጣል ላደረገ፣ «ሜንሽንድ» በሌላ ወሬ መካከል ላነሳ ሰው ነው። «ክሌምድ» ከሚለው ተጠንቀቁ፤ «አለች፣ ግን እኔ እንጃ» የሚል ጥርጣሬ ይጨምርበታል። የትኛው እንደሚስማማ ካልለየላችሁ «ሴድ» በሉ። «ሴድ» ማለት «አለች» ብቻ ነው፤ አያከብድም፣ አያቃልልም፣ አይጠራጠርም። ከጎኑ ማን እንደጠየቃት ወይም ሳትጠየቅ እንደተናገረች፣ በማን አስተርጓሚነት እንደሆነና ቀኑን ጻፉ።