«አሪፍ ነው» ብቻ አይበቃም፦ ላየነው ፊልም ነጥብ እንዴት እንስጥ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ፊልም ነው። «ስለ ፊልም ደግሞ ምን ትምህርት አለ? አይቶ መሳቅ ነው እንጂ» እንዳትሉኝ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። በራሴ ስህተት ከተማርኩ በኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ስለዚህ መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወደ ትምህርቱ እንገባለን።

የሆነው ነገር

ክበባችን ለወላጆች ቀን የሚታይ አንድ ፊልም እንዲመርጥ ተነግሮት ነበር። የክበባችን ተጠሪ መምህር ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡና ሰባት ልጆች በሩን ዘግተን ተቀመጥን። ያየነው ፊልም «ላምብ» ይባላል፤ የበግ ግልገል ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ያሬድ ዘለቀ ነው። በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሀገር በካን የፊልም ፌስቲቫል በይፋ ተመርጦ ለመታየት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው።

ታሪኩ ኤፍሬም ስለሚባል ልጅ ነው። እናቱ ሞታበታለች። አባቱ ሩቅ ካሉ ዘመዶች ዘንድ ያስቀምጠውና ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ የሚወደው አንድ በግ ብቻ ነው። የተቀበለው ዘመዱ ደግሞ ያ በግ ለበዓል መታረድ አለበት ይላል። ኤፍሬም በእርሻ ብዙም አይሆንለትም፤ ምግብ መሥራት ግን ይችላል። ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ይሸጣል።

እኛ ልክ መሐል ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ስለሆነ እሱም አብሮ ጠፋ። ብርድ ነበር፣ ርቦኝም ነበር፤ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ወደ ቤት ሄድን። የቀሩት አራቱ መብራት እስኪመጣ ጠብቀው ጨረሱት።

በማግስቱ ሁላችንም በቁራጭ ወረቀት ላይ ከ10 ነጥብ ሰጠን። እኔ የጻፍኩት ይኼ ነው፦ «3 ከ10። ይደብራል። ወንድ ልጅ ወጥ ሲሠራ አያምርም።» በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ላይ አንባቢው እኔ ነበርኩ። የራሴን ወረቀት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ግቢው በሙሉ ሳቀ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ከሰባታችን አንዱ ግን 10 ሰጥቶ ነበር። ይህ ልጅ ከገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚማር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሀገር ቤት በእግሩ እየሄደ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። እንደሱ ያሉ ልጆች በትምህርት ቤታችን ብዙ እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆች «ሴታ ሴት» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ክበብ መምጣቱንም ተወ። እኔ መጀመሪያ ነገሩን ከወረቀቴ ጋር አላገናኘሁትም። መምህራችን ግን «ያነበብከው አንተ ነህ፤ ሄደህ አንተው ጥራው» አሉኝ።

ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት እትዬ በሩን አሳዩኝ። ልጁ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሽሮ እያማሰለ ነበር፤ ለራሱና ለታናሽ እህቱ። ምን እንደምል ጠፋኝ። እሱ ቀና ብሎ አየኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦

«ሙሉውን አይተኸዋል?»

አላየሁትም። «አላየሁትም» አልኩት። «እሽ፣ ግባና ብላ» አለኝ። በላሁ። ሽሮው ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ይጣፍጥ ነበር።

በሌላ ቀን መምህራችንን ለምኜ የፊልሙን ቀሪ ግማሽ አየሁት። አሁን የምሰጠው ነጥብ 7 ነው። ለምን 7 እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ። አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ።

ትምህርት አንድ፦ ሳትጨርሱ አትፍረዱ

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይላሉ አባቶቻችን። የፊልም ታሪክ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ አለው። መጀመሪያ ላይ ክፉ የመሰለን ሰው መጨረሻ ላይ ደግ ሊሆን ይችላል። ግማሹን አይቶ ነጥብ መስጠት የሒሳብ ፈተና ግማሹን ብቻ አርሞ «ወድቀሃል» እንደማለት ነው። ካልጨረሳችሁ «አልጨረስኩትም» በሉ። ይህን ማለት ነውር አይደለም።

ትምህርት ሁለት፦ ክፍል ክፍሉን ለዩ

ፊልም የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ጽሑፉን የሚጽፍ አለ፣ የሚተውን አለ፣ ካሜራ የሚይዝ አለ፣ ድምፅና ሙዚቃ የሚሠራ አለ፣ ሁሉንም የሚመራ ዳይሬክተር አለ። በሀገራችን «ጉማ» የሚባለው የፊልም ሽልማትም የሚሸልመው በየዘርፉ ነው። ስሙን ያገኘው «ጉማ» ከተባለው የቆየ የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እኛም በየዘርፉ ማሰብ እንችላለን። ክበባችን አሁን የሚጠቀምበት አከፋፈል ይህ ነው፦

ታሪኩ፦ ከ3
ትወናው፦ ከ2
ምስሉ (ቀረጻው)፦ ከ2
ድምፁና ሙዚቃው፦ ከ1
መልእክቱ፦ ከ2
ድምር፦ ከ10

በዚህ መሠረት ለ«ላምብ» የሰጠሁትን እዩት። ታሪኩ 2፤ ልቤን ነክቶታል፣ ግን አንዳንድ ቦታ ቀስ ይልብኛል። ትወናው 2፤ ልጁ የሚተውን አይመስልም፣ የሚኖር ነው የሚመስለው። ምስሉ 1፤ ተራራውና አረንጓዴው የጮቄን አካባቢ አስታወሰኝ፣ ሆኖም ሌሊት የሆነው በትንሿ ላፕቶፕ በደንብ አልታየኝም። ድምፁ ግማሽ። መልእክቱ 1 ተኩል። ድምሩ 7 መጣ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት «ወንድ ልጅ ወጥ ሲሠራ አያምርም» የሚለው ከአምስቱ በየትኛው ይገባል? በአንዱም አይገባም! ያ ስለ ፊልሙ የተጻፈ አልነበረም። ስለ እኔ የተጻፈ ነበር።

ትምህርት ሦስት፦ «ምክንያቱም» የምትለውን ቃል አትርሱ

«አሪፍ ነው»፣ «ይደብራል»፣ «ፈታ ያደርጋል»። እነዚህ ስሜትን ይናገራሉ፣ ምክንያት ግን አይሰጡም። ከእያንዳንዳቸው በኋላ «ምክንያቱም» ብላችሁ ቀጥሉ። ከዚያም ከፊልሙ አንድ ያያችሁትን ነገር ጥቀሱ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ስለ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተሠራ «ኢንዱራንስ» የሚባል ፊልም አለ፤ ጽናት ማለት ነው። ኃይሌ ልጅ እያለ በአሰላ አካባቢ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ ነበር፤ ሲመለስም እንደዚያው። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ስለሚሮጥ፣ ትልቅ አትሌት ከሆነ በኋላም ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ ይሮጥ ነበር። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። በፊልሙ ላይ አዋቂውን ኃይሌ ሆኖ የሚሠራው ኃይሌ ራሱ ነው።

ደካማ አስተያየት፦ «ኢንዱራንስ አሪፍ ነው። 9 ከ10።»
ጠንካራ አስተያየት፦ «ኢንዱራንስን ወድጄዋለሁ። ምክንያቱም ኃይሌ ራሱ ስለሚሠራበት እውነት እውነት ይሸታል። እኔም ወደ ትምህርት ቤት በእግሬ ስለምሄድ የልጁ ሩጫ የራሴ መንገድ መሰለኝ። 9 ከ10።»

ሁለቱም 9 ሰጥተዋል። የሚጠቅመን ግን ሁለተኛው ነው።

ትምህርት አራት፦ አማካይ ሁሉን አይናገርም

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ሰባታችን መጀመሪያ የሰጠነው ነጥብ 3፣ 10፣ 7፣ 2፣ 9፣ 3 እና 8 ነበር። ድምሩ 42 ነው። ለ7 ስናካፍለው አማካዩ 6 ይሆናል። እኔም በማይክሮፎን «ክበባችን ለፊልሙ 6 ሰጥቷል» ብዬ አነበብኩ። ግን ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩአቸው። 6 የሰጠ አንድም ልጅ የለም! ግማሾቻችን በጣም ወደነዋል፣ የቀረነው ጠልተነዋል፤ አማካዩ ይህን ደብቆታል።

ሌላም አለ። 3፣ 2 እና 3 የሰጠነው መብራት ሲጠፋ ወደ ቤት የሄድነው ሦስታችን ነን። ፊልሙን የጨረሱት አራቱ የሰጡት 10፣ 7፣ 9 እና 8 ነው፤ አማካዩ 8.5። ስለዚህ የሆነ ቦታ «ይህን ያህል ነጥብ አገኘ» ሲባል ብትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ሰው ሰጠ? የሰጡትስ አይተውታል ወይ?

ነጥብ የሚሰጠው ማን እንደሆነም ለውጥ ያመጣል። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሰንዳንስ ፌስቲቫል «ድፍረት» የተባለው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ ያንን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በጣሊያን በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል፤ ያንን የሚመርጡት ዳኞች ናቸው። ተመልካች በልቡ ይመርጣል፤ ዳኛ ሙያውንም ይመለከታል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ትምህርት አምስት፦ መጨረሻውን አትናገሩ

ስለ ፊልም ስታወሩ ያላየውን ሰው አስቡት። በጉ ታረደ ወይስ ተረፈ? እኔ አውቃለሁ፣ ግን አልነግራችሁም። በወላጆች ቀን ታዩታላችሁ። መነሻውን ተናገሩ፣ ጥያቄውን ተናገሩ፣ መልሱን ለፊልሙ ተዉለት።

ትምህርት ስድስት፦ ፊልሙን እንጂ ሰውን አትንኩ

«ሙዚቃው አልተስማማም» ማለት ሂስ ነው። «ይህን የሚወድ ሰው ጅል ነው» ማለት ግን ስድብ ነው። አንድ ፊልም ስናይ ከጎናችን የተቀመጠው ልጅ የራሱን ኑሮ እያየ ሊሆን ይችላል። እኛ የምንስቅበት ነገር እሱ ማታ ማታ የሚሠራው ሊሆን ይችላል። ይህንን ማንም በመጽሐፍ አላስተማረኝም፤ ምድጃው አጠገብ ነው የተማርኩት።

በመጨረሻ

እርማቴን ጽፌ በዚያው ማይክሮፎን፣ በዚያው የእረፍት ሰዓት አነበብኩ። «ፊልሙን ሳልጨርስ 3 ሰጥቼ ነበር። የሰጠሁትም ምክንያት ስለ ፊልሙ አልነበረም። ጓደኛዬን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ጨርሼዋለሁ፤ 7 ሰጥቼዋለሁ» አልኩ። የሳቁም ነበሩ። የመጀመሪያውን ቀን ያህል ግን አልነበረም። «ሴታ ሴት» የሚለው ስድብ ወዲያው አልቆመም፤ እየቀነሰ ግን ነው። ስሰማ ዝም አልልም።

ጓደኛዬም ወደ ክበባችን ተመልሷል። ለምን 10 እንደሰጠ «ምክንያቱም» ብሎ እንዲጽፍ ጠየቅነው። ብዙ አይናገርም፤ የጻፈው እንዲህ ነው፦ «ምክንያቱም ልጁ የሚያበስለው ሰው ስለሌለው ብቻ አይደለም። ስለሚችል ነው። ሲችልም ያሳዩታል።» እኔ ከሰባታችን ሁሉ የተሻለው አስተያየት ይህ ነው እላለሁ። አሁንም ግን ከ7 ወደ 10 አልወጣሁም፤ ፊልሙ አንዳንድ ቦታ ቀስ ይልብኛል። እሱም «አይልም» ይለኛል። እየተከራከርን ወደ ቤት እንሄዳለን።

መልመጃ

1. በቅርብ ያያችሁትን አንድ ፊልም ወይም የቴሌቪዥን ድራማ ምረጡና ከላይ ባለው አከፋፈል ከ10 ነጥብ ስጡ። ለእያንዳንዱ «ምክንያቱም» ጻፉ።
2. አምስት ልጆች ለአንድ ፊልም 10፣ 10፣ 1፣ 2 እና 2 ሰጡ። አማካዩ ስንት ነው? አማካዩን የሰጠ ልጅ አለ? ምን ተረዳችሁ?
3. የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ በጎጃም ምድር የሚጀምር ልብ ወለድ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል፤ በቅርብ ጊዜ ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል። ቤታችሁ ያሉትን አያት ወይም አባት «በጆሮ የሰሙት ይሻላል ወይስ በዓይን የሚያዩት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸውን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ በክበባችን የአስተያየት መስጫ ሣጥን አስገቡ። ጥሩ ጥሩዎቹን በሚኒ ሚዲያ እናነባቸዋለን።

እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ። መብራት ቢጠፋም ጠብቁ!