የእኅቶቻችን መስታወት ማነው?



በዚህ ጽሑፋችን የምንመረምረው፣ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ ማስታወቂያና የእጅ ስልክ ሴቶችን የሚያሳዩበት መንገድ ሴት ልጅ ስለ ራሷ በምታስበው ላይ የሚያስከትለውን ውጤት ነው። ጉዳዩ የሴቶች ብቻ የሚመስለው ወንድም ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲያነብ እንጠይቀዋለን፤ በሴት መልክ ላይ ፍርድ ሰጪዎቹ ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸውና።

፩. በወደቡ የሚያልፈው ምስል

ከተማችን ሞጆ የሸቀጥ በር ናት። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር በደረቅ ወደቡ ይወርዳል፤ ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀረጡ ይከፈላል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጓዛል። ከውጭ የሚመጣው የፊት ቅባት፣ ሰው ሠራሽ ጸጉርና ቴሌቪዥን በኮንቴይነር ታሽጎ ይገባል። ከዕቃው ጋር ግን ፈታሽ የማይመዝነው ሌላ ጭነት አብሮ ይመጣል። ይኸውም በካርቶኑ ላይ የታተመችው ሴት ምስል ነው። ቆዳዋ የነጣ፣ ጸጉሯ የረዘመ፣ ወገቧ የቀጠነ ነው። አፍ አውጥታ ባትናገርም፣ «እኔን ካልመሰልሽ ቆንጆ አይደለሽም» የምትል ትመስላለች።

፪. ምስል እንዴት ይሠራል?

ሰው ራሱን የሚመዝነው ከሌላው ጋር በማነጻጸር ነው። ቀድሞ አንዲት ልጅ የምትነጻጸረው ከእኅቷ፣ ከጎረቤቷና ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር ነበር። ዛሬ ግን ብርሃን ከተስተካከለላት፣ ከተኳኳለችና ፎቶግራፏ በኮምፒዩተር ከታረመላት ሴት ጋር ትነጻጸራለች። ውድድሩ ከመነሻው እኩል አይደለም።

ለምሳሌ ያህል የፊጂ ደሴቶችን እንመልከት። በዚያ አገር ወፍራም ሰውነት የጤናና የመልካም አያያዝ ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ በተባለው አውራጃ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባለች ተመራማሪ በዚያው ዓመት 63፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ 65 ልጃገረዶችን ጠየቀች። በመጀመሪያው ጊዜ ለመቅጠን ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። በ1998 ግን ከመቶ 11 የሚሆኑት ይህን ያደርጉ ነበር፤ ከመቶ 74ቱም ራሳቸውን አንዳንዴ «ወፍራም» አድርገው ያዩ ነበር። ጥናቱ በጥቂት ልጆች ላይ የተደረገ ቢሆንም፣ የሴት ልጅ ዓይን በሦስት ዓመት ውስጥ ሊለወጥ እንደሚችል ያሳየናል።

፫. በአገራችንስ?

በአገራችን ሴትን ዝቅ የሚያደርግ ምስል በቴሌቪዥን አልተጀመረም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው አባባል ከማንኛውም ጣቢያ በፊት በየቤቱ ይነገር ነበር። ማስታወቂያው ይህንኑ በቀለም አሳምሮ ይደግመዋል። ሴቷ ብዙ ጊዜ ከሳሙናና ከዘይት አጠገብ ትቆማለች፤ ስለ ገንዘብና ስለ ማሽን የሚያስረዳው ወንድ ነው። ይህን ዕለት ዕለት የምታይ ልጅ፣ ማንም ሳይከለክላት «ይህ ለእኔ አይደለም» ብላ ራሷን ትከለክላለች።

ጉዳቱ በሐሳብ ብቻ አይቀርም። በየገበያው «ያቀላል» እየተባለ ከሚሸጠው ቅባት አንዳንዱ ሜርኩሪ ያለበት ነው። ሜርኩሪ ቆዳን የሚያጠቁረው ንጥረ ነገር እንዳይሠራ ያግዳል፤ ነገር ግን ኩላሊትን ይጎዳል፣ ቆዳንም ያበላሻል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ስብሰባ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በ2025 እንዲቆም የወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው። ውሳኔ ግን ብቻውን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለውን ብልቃጥ አያነሣውም። ስለዚህ ስሟና የተሠራችበት ነገር በግልጽ ያልተጻፈባትን ቅባት አለመግዛት ይገባል።

፬. መልካም ምስልም ያንጻል

ምስል እንደሚያፈርስ ሁሉ ያንጻል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የተባለ ድራማ በ257 ክፍሎች ተላልፏል። በውስጡ ፍቅርተ የምትባል ወጣት ብዙ መከራ ደርሶባት እንኳ ሕይወቷን በራሷ እጅ ስትመራ አድማጭ ተከታትሏል። ከአድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ መጥቷል። የፍቅርተን መልክ ያየ ማንም አልነበረም፤ የሰው ልብ የገባችው በአሳብዋና በጥረቷ ነው። እንዲሁም በ2008 ዓ.ም. ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ወደ ባንኮክ መርታለች። ያንን ፎቶግራፍ ያየች ልጅ ስለ ሰማይ የምታስበው ተለውጧል።

እንግዲህ በከተማችንም ዓይናችንን እንክፈት። ሌሊት ተነሥታ ለሾፌርና ለጫኝ ቡና አፍልታ ልጆቿን የምታስተምር እናት፣ ወይም የዕቃ ሰነድ ይዛ ከቢሮ ቢሮ የምትሮጥ ትራንዚተር በካርቶን ላይ አትታተምም። ለታናናሽ እኅቶቻችን ግን ከታተመችው ይልቅ እውነተኛ መስታወት እርሷ ናት።

የመወያያ ጥያቄዎች
፩. በዚህ ሳምንት ባያችኋቸው ማስታወቂያዎች ሴቶች ምን ሲሠሩ ታዩ? ወንዶችስ?
፪. እኅታችንን ስናመሰግን ከመልኳ ሌላ ምኗን እናነሣለን?
፫. ታናሽ እኅታችን «ቆዳዬን ላቅላ» ብትለን፣ ሳንቆጣና ሳንዘባበትባት ምን ብለን እንመልስላታለን?